የምትገዙት ቲዩቡን ነው፦ አሮጌ ባለቀለም ሞኒተር ስለማግኘትና ስለማደስ

አሮጌ ሞኒተር እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ሶኬት ነው። እጁን ይበላዋል። ሠላሳና አርባ ዓመት መጋዘን የተኛ ዕቃ ይሠራ እንደሆነ አሁኑኑ ማየት አለበት። ይሰካዋል፣ ያበራዋል። ከኋላ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ብዙ ጊዜ የተቃጠለው ርካሽ ዕቃ ነው። አንዳንዴ ግን ርካሹ ሲሄድ ምትክ የሌለውን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ አትሰኩት። ለምን እንደሆነ ቀስ እያልን እንደርስበታለን።

የማወራው ስለ ድሮዎቹ ከባድ፣ ኋላቸው ረጅም፣ በፒክቸር ቲዩብ ስለሚሠሩት ባለቀለም ሞኒተሮች ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ሞኒተር ከቴሌቪዥን በምን ይለያል?

ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው። ልዩነቱ ሆዳቸው ውስጥ ነው። ቴሌቪዥን ከአንቴና የሚመጣውን ጣቢያ የሚመርጥ ቱነር አለው። ሞኒተር የለውም። ምስሉ በኬብል በቀጥታ ይገባለታል። ብዙዎቹ ድምፅ ማጉያ የላቸውም፤ ካላቸውም ለስሙ ያህል ነው። ቤታቸው ሳሎን ሳይሆን ስቱዲዮ፣ ኤዲቲንግ ክፍልና ሆስፒታል ነበር።

የቴሌቪዥን ሥራ ማማለል ነው። ቀለሙን ያደምቃል፣ ጠርዙን ይስላል፣ ዳር ዳሩን ቆርጦ ይደብቃል። የሞኒተር ሥራ ግን እንደ ምስክር ያየውን መናገር ነው። ካሜራው የተናጋሪውን ፊት አረንጓዴ ካደረገው ሞኒተሩም አረንጓዴ አድርጎ ማሳየት አለበት። እሱ ከዋሸ ባለሙያው በውሸቱ ላይ ተመሥርቶ ያስተካክላል፣ ስርጭቱም ተበላሽቶ ይወጣል። ለዚህ ነው ክፍሎቹ በጥንቃቄ የተመረጡት፣ ማስተካከያዎቹም የበዙት። ዋጋውም ያኔ ከቴሌቪዥን ብዙ እጥፍ ነበር። በብዛት አልተመረተም። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ብዙው ተጣለ።

ታዲያ ዛሬ ማን ይፈልገዋል? አንደኛው ተራ የድሮ ቪዲዮ ጌም የሚወዱ ሰዎች ናቸው። የዚያን ዘመን ጌሞች የተሳሉት ለእንዲህ ዓይነት ስክሪን ነው። ዘመናዊ ጠፍጣፋ ስክሪን ምስሉን ተቀብሎ፣ አስልቶ፣ አሳድጎ ነው የሚያሳየው፤ በዚህ መሀል ጥቂት ይዘገያል። ፒክቸር ቲዩብ የሚያስበው ነገር የለም። ሲግናሉ እንደገባ መስመር በመስመር ይስለዋል። ሌላኛው ተራ የድሮ ካሴቶችን ወደ ዲጂታል የሚያዞሩ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ ዝም ብሎ የወደደው ሰው ነው። እኔ ከሦስተኛው ነኝ።

ወንፊቱና ሦስቱ ጨረሮች

ነገሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው በቲዩቡ ዙሪያ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ፒክቸር ቲዩብ አየር የተመጠጠለት ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ነው። በቀጭኑ አንገቱ ውስጥ ትንሽ ማሞቂያ አለ፤ በአብዛኛው በ6.3 ቮልት ይሠራል። ማሞቂያው ካቶድ የሚባለውን ክፍል ያግለዋል። ከጋለው ካቶድ ኤሌክትሮኖች ይተናሉ። በሌላኛው ጫፍ፣ ከስክሪኑ በኩል፣ እስከ 25 ሺህ ቮልት የሚደርስ ኃይል ይጠብቃቸዋል። ወደዚያ ይወረወራሉ። ስክሪኑ ውስጠኛ ፊት ላይ የተቀባውን ፎስፈር ሲመቱት ያበራል። አንገቱ ላይ የታሰረው የመዳብ ጥቅል፣ ዮክ የሚባለው፣ ጨረሩን በማግኔት ኃይል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነዳዋል።

ጥቁርና ነጭ ከሆነ ታሪኩ እዚህ ያልቃል። በቀለም ግን ጣጣ አለ። ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ጨረር ያስፈልጋል። ኤሌክትሮን ራሱ ቀለም የለውም። ታዲያ የቀዩ ጨረር አረንጓዴውን ፎስፈር እንዳይነካ ማን ይጠብቀዋል?

መልሱ ወንፊት ነው። ከፎስፈሩ ጀርባ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ብሎ፣ ብዙ ሺህ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ስስ ብረት ይቆማል። ሦስቱ ጨረሮች እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ የሚደርሱት በተለያየ አቅጣጫ ነው። በአንድ ቀዳዳ አልፈው ሦስት ቦታ ያርፋሉ፤ ቀዩ በቀይ ነጥብ፣ አረንጓዴው በአረንጓዴ፣ ሰማያዊው በሰማያዊ። በአንድ መስኮት ከሦስት ቦታ ሆናችሁ ብትመለከቱ ሦስት የተለያየ ነገር እንደምታዩት ማለት ነው።

አሜሪካ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓቷን የቀለም ደንብ ያጸደቀችው በታኅሣሥ 1953 ነበር። በ1954 አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲቲ-100 የሚባለውን ባለቀለም ቴሌቪዥን በ1,000 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዘመን ገንዘብ ይህ ትልቅ ዋጋ ነው። ቲዩቡ 15 ኢንች ሲሆን 195,000 ያህል ቀዳዳና 585,000 የፎስፈር ነጥብ ነበረው። ይህን የሚያህል ነገር ያለ ኮምፒውተር፣ በዚያን ጊዜ ማሽን፣ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ አስተካክለው ከተቱት። ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

በ1968 ሶኒ ትሪኒትሮንን ይዞ መጣ። ቀዳዳዎቹን ትቶ ከላይ እስከ ታች የተወጠሩ ቀጫጭን የብረት ክሮች አደረገ። እንደ ክራር ክር የተወጠሩ ስለሆኑ ስክሪኑን ጎን በመዳፍ መታ ሲያደርጉት ምስሉ ይርገበገባል። ክሮቹ እንዳይንቀጠቀጡ አንድ ወይም ሁለት በጣም ስስ ሽቦ በአግድም ያቅፋቸዋል። የነዚያ ሽቦዎች ጥላ በነጭ ምስል ላይ ይታያል። ብዙ ገዢ ይህንን አይቶ "ተሰንጥቋል" ብሎ ዕቃውን ይመልሳል። ጤነኛ ትሪኒትሮን ሁሉ አለው። ትሪኒትሮን ለመሆኑም አንድ ፍንጭ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ ይሄ ነው። ሬዚስተር ይገዛል። ትራንዚስተር ይገዛል፣ ባይገኝም ተቀራራቢ ይፈለጋል። ትራንስፎርመር እንኳን እንደገና ይጠቀለላል። ፒክቸር ቲዩብ ግን እንደገና የሚሠራልን ፋብሪካ የለም። ድሮ አንገቱን ቆርጠው፣ አዲስ ካቶድ ገጥመው፣ አየሩን መልሰው የሚመጥጡ ወርክሾፖች ነበሩ። እነሱም ተራ በተራ ዘጉ። ስለዚህ አሮጌ ሞኒተር ስትገዙ ገንዘባችሁን የምታወጡት ለቲዩቡ ነው። ሌላው ሁሉ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሻጭ "ይሠራል" ካለ ይበራል ማለቱ ነው። ሲበራ ማየት ግን ስለ ቲዩቡ ጤና የሚነግረን ትንሽ ነው። ቢቻል ሙሉ ነጭ ምስል፣ ሙሉ ቀይ ምስልና የመስመር መረብ ምስል እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ነጩ የካቶዶቹን ጉልበት ያሳያል፤ አንዱ ቀለም ከደከመ ነጩ ወደ ሌሎቹ ያደላል። ቀዩ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ዝንጉርጉር ካለ ማግኔት ነክቶታል ማለት ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። መረቡ ደግሞ ሦስቱ ጨረሮች ተገጣጥመው መውደቃቸውን ይናገራል።

ከቀዝቃዛ ሲነሳም ተመልከቱት። ጤነኛ ቲዩብ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ብርሃኑን ያገኛል። ደካማው ግን ደብዝዞ ይጀምራል፤ አምስት አሥር ደቂቃ ሲቆይ ነው እየፈካ የሚሄደው። ደማቅ ቦታዎች ብርማ መስለው ወደ ጎን የሚፈሱ ከሆነ ካቶዱ አልቆበታል።

የስቱዲዮ ሞኒተር ብዙ ሰዓት የሠራ ነው። ቀን ከሌት የሚበራ ነበር። በአንዳንዶቹ ሜኑ ውስጥ የሥራ ሰዓት ቆጣሪ አለ። ቆጣሪው ከፍተኛ ቢሆን ወዲያው አትሽሹ፣ ዝቅተኛ ቢሆንም ወዲያው አትመኑ። ከቁጥሩ ይልቅ ስክሪኑ ጠፍቶ ሳለ በባትሪ መብራት በጎን አብሩበት። የጣቢያ ዓርማ ወይም የሰዓት ቁጥር ጥላ ሆኖ ከታየ ፎስፈሩ ተቃጥሏል። እሱ አይታጠብም፣ አይድንም።

የማይበራ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ጌተሩን ፈልጉ። ጌተር ማለት ፋብሪካው አየር ከመጠጠ በኋላ የቀረችውን ጥቂት አየር እንዲውጥ የሚያተነው ባሪየም ነው። በመስታወቱ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ብርማ ቅብ ሆኖ ይቀራል። በሚታይባቸው ቲዩቦች ላይ እንደዚያው ካብረቀረቀ ደስ ይበላችሁ። እንደ ወተት ነጭ ከሆነ አየር ገብቷል። ያ ቲዩብ ሞቷል፤ ከዚያ በኋላ የምትገዙት ሣጥን ነው። የ1954ቱ የአርሲኤ ባለ 15 ኢንች ቲዩብ በዚህ በኩል ስሙ መጥፎ ነው፤ ብረቱና መስታወቱ በሚገናኙበት በኩል ቀስ እያለ አየር ያስገባል።

ስለ ማጓጓዝ። ክብደቱ ያለው ፊቱ ላይ ነው፤ የስክሪኑ መስታወት ወፍራም ነው። ስለዚህ ስታነሱት ስክሪኑን ወደ ደረታችሁ አዙሩ። ኋላውን ታቅፎ ያነሳ ሰው ወደ ፊት ይዞት ይወድቃል። በምንም ዓይነት በአንገቱ ወይም በዮኩ አትያዙት። የአየር ግፊት በካሬ ሴንቲሜትር 1 ኪሎ ያህል ነው፤ በ21 ኢንች ስክሪን ፊት ላይ ብቻ ሲደመር ከ1 ቶን ያልፋል። አንገቱ ቢሰበር ብዙ ጊዜ የምትሰሙት እንደ ጎማ የሚተነፍስ ድምፅ ነው፣ ከዚያም ዝምታ። ሆዱ ወይም ፊቱ ከተሰበረ ግን መስታወቱ ይረጫል። መነጽር ማድረግ ፍርሃት አይደለም።

የክብደት ነገር ከተነሳ ሶኒ በ1989 ያወጣውን ባለ 43 ኢንች ሞኒተር ሳልጠቅስ አላልፍም። በጃፓን ኬኤክስ-45ኢዲ1፣ በአሜሪካ ፒቪኤም-4300 ይባላል። 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብዙ ሰው እንዲያውም አንድም አልቀረም ብሎ ነበር። ኦሳካ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ተገኘ፤ ሕንፃው ሊፈርስ ነበር። አውርደው፣ አሽገው፣ ባሕር አሻግረው አሜሪካ አስገብተው አደሱት። በ2024 መጨረሻ ታሪኩ በቪዲዮ ሲወጣ ብዙ ሰው ሌሊቱን ሲያይ አደረ። እኔን የሳበኝ እድሳቱ ሳይሆን ደረጃው ነው። ያንን ዕቃ በጠባብ ደረጃ ማውረድን አስቡት።

25 ሺህ ቮልት እንዴት ይሰናበታል

አሁን ቤት ገብቷል። ሳይሰካ ክዳኑ ይከፈት። መጀመሪያ የሚቀበላችሁ አቧራ ነው፤ ከፍተኛ ቮልት አቧራ እንደ ማግኔት ይስባል። ለስላሳ ብሩሽና ቫኪዩም በቂ ነው።

ግን ቆይ። የቲዩቡ መስታወት ራሱ ትልቅ ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ ነው። ውስጡ ቅብ፣ ውጪው ቅብ፣ መሀሉ መስታወት። በሻጩ ቤት ትናንት በርቶ ከነበረ ኃይሉ አሁንም እዚያው ሊሆን ይችላል። ብቻውን ሰው ባይገድል እንኳ እጃችሁን በድንጋጤ ወደ ኋላ ያስወረውራል፣ እጃችሁ ደግሞ አንገቱን ይመታል። አንዴ እንዲህ ቲዩብ የጠፋበት ሰው አውቃለሁ። በኃይል አቅርቦቱ በኩል ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ግን ከዚህ የባሱ ናቸው፤ እነሱም በተራቸው መራገፍ አለባቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እጀታው በደንብ የተሸፈነ ረጅም ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ይዘጋጅ። በብረቱ ላይ ሽቦ ታሥሮ፣ የሽቦው ሌላ ጫፍ በቲዩቡ ጀርባ ጥቁር ቅብ ላይ ተወጥሮ ካለፈው የተጠለፈ ሽቦ ጋር ይያያዛል። መጀመሪያ ሽቦው ይያያዛል፣ ካቻቪቴው ቲዩቡን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። ከዚያ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይገባል። በሌላው እጅ ካቻቪቴው ከቲዩቡ ጎን ካለው የላስቲክ ቆብ ሥር ቀስ ተብሎ ይሾልካል፣ የብረቱን ቁልፍ እስኪነካ። አንዳንዴ ጠቅ ይላል። አንዳንዴ ምንም አይልም። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ድገሙት፤ መስታወቱ የደበቀውን ኃይል ቀስ ብሎ መልሶ ያወጣልና።

ይህን ያላነበበ፣ ያልለመደ ሰው ብቻውን ባይሞክረው ደስ ይለኛል። አጠገቡ የሚያውቅ ሰው ይቁም።

ጨረርስ? ከፍተኛ ቮልት ባለበት ኤክስሬይ ሊኖር ይችላል። በ1967 በአሜሪካ አንዳንድ ባለቀለም ቴሌቪዥኖች ከሚገባው በላይ ሲለቁ ተገኙ፤ በዋናነት ከውስጣቸው ካለው የቮልት መቆጣጠሪያ ቲዩብ ነበር። በ1968 ሕግ ወጣ። ዛሬ ለእኛ ትርጉሙ አጭር ነው፦ ምስሉ እንዲደምቅ ብላችሁ ከፍተኛውን ቮልት ከመመሪያው በላይ አታሳድጉ፣ የብረት መከለያውንም መልሳችሁ ግጠሙ።

ለምን አትሰኩት እንዳልኩ

ጥፋተኛው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ነው። ውስጡ ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ በጊዜ ይደርቃል ወይም ይፈሳል። በውስጡ ያለው በጣም ስስ የኦክሳይድ ሽፋንም ለዓመታት ኃይል ካላገኘ ይዳከማል። በድንገት ሙሉ ቮልት ሲመጣበት መቋቋም ያቅተዋልና ሾርት ይሆናል። ሾርት ሲሆን ኃይሉ በትራንስፎርመሩ በኩል ይጎርፋል። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ዕቃ ላይ በሰም የተነከሩ የወረቀት ካፓሲተሮችም አሉ፤ እነሱን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው፣ ሁሉም ይቀየሩ።

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ90ዎቹ የተሠሩት ሞኒተሮች ሌላ በሽታ አለባቸው። ቦርዱ ላይ ጠፍጥፈው የሚበየዱት ትንንሽ ካፓሲተሮች ፈሳሻቸው ያፈሳል፤ ፈሳሹ የመዳቡን መስመር ይበላል። በዓይን ሲታይ በብየዳው ዙሪያ ደብዛዛ፣ አንዳንዴ አረንጓዴ ይሆናል። ሶልደሪንግ አይረኑ ሲነካው የዓሣ ሽታ ይሸታል። ያ ሽታ ከመጣ ካፓሲተሩን መቀየር ብቻ አይበቃም። ቦርዱ በአልኮል ይታጠባል፣ የተበላው መስመር በቀጭን ሽቦ ይቀጠላል። አሰልቺ ነው። አንዱን ቦርድ ስጨርስ ሁለት ቅዳሜ አልፎኛል።

ምክሬ፦ አንድ በአንድ ቀይሩ። ሁሉንም ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ መዘርገፍ ያምራል፤ በኋላ ግን የቱ በየት አቅጣጫ ነበር ሲባል ፎቶ ያላነሳ ሰው ወዮለት። ፕላስና ማይነሱ ከተገለበጠ ይፈነዳል። ሃምሳውን ቀይራችሁ ባይሠራ ስህተቱን የቱ ጋ ትፈልጋላችሁ? አምስት ቀይራችሁ ብትሞክሩ ግን ስህተቱ ያለው ከአምስቱ በአንዱ ነው።

ለመጀመሪያው ማብራት የድሮ ቴክኒሺያኖች ዘዴ አለ። የድሮ ዓይነት ክር ያለው አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ ከሞኒተሩ ጋር በተከታታይ ይገጠማል። ሞኒተሩ ውስጥ ሾርት ካለ ኃይሉን አምፖሉ ይበላዋል፤ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ሞኒተሩ ይተርፋል። አምፖሉ ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ መልካም ዜና ነው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም።

ቮልቱን ከዜሮ ጀምሮ ቀስ እያሉ የሚያሳድጉበት ባለእጀታ ትራንስፎርመርም አለ። ለባለቲዩብ አሮጌ ዕቃ ድንቅ ነው። ለአዳዲሶቹ፣ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ (ኃይሉን በፍጥነት እያበራ እያጠፋ የሚያመጣጥን አቅርቦት) ላላቸው ግን አይመከርም። እነሱ ቮልት ሲያንሳቸው ይበልጥ ከረንት ይስባሉ፣ ልታድኗቸው ስትሉ ታቃጥሏቸዋላችሁ። በተጨማሪ አንዳንድ ዕቃ የብረት አካሉ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ነው፤ እሱን ያለ አይዞሌሽን ትራንስፎርመር (ዕቃውን ከግድግዳው መስመር የሚለይ ትራንስፎርመር) ከፍቶ መንካት ከግድግዳው ሶኬት ጣት እንደማስገባት ነው።

ሁለት የማይረሱ ነገሮች

አንደኛው ሞኝነቴ ነው። አንድ ሞኒተር ገዝቼ ምስሉ ነጭ በነጭ ሆነ፤ ፊት ሁሉ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ከፈትኩት። ካፓሲተር ቀየርኩ። የቪዲዮውን ቦርድ ነቅዬ ብየዳውን በሙሉ ደገምኩት። ሁለት ሳምንት። በመጨረሻ ከኋላ፣ ከኬብሉ መግቢያ አጠገብ፣ "75" የተጻፈባት ትንሽ ማብሪያ አየሁ። የቪዲዮ ኬብል መጨረሻው ላይ 75 ኦም ይፈልጋል። ያቺ ማብሪያ ከጠፋች ሲግናሉ በእጥፍ ከፍ ይላል፣ ምስሉም ይታጠባል። ሁለት ቦታ ከበራ ደግሞ ይጨልማል። ጫን አደረግኳት። ምስሉ ተስተካከለ። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ሁለተኛው የዓይን ሞራ ነው። በ1960ዎቹ ቲዩቦች ላይ ከስክሪኑ ፊት ሌላ የመከላከያ መስታወት በሙጫ ይለጠፍ ነበር። ሙጫው ሲያረጅ ከዳር ጀምሮ እየነጣ ወደ መሀል ይገባል። አድናቂዎቹ ራሳቸው "ካታራክት" ይሉታል፣ ስሙ ይገባዋል። ቲዩቡ ግን ጤነኛ ነው። ሙጫው በሙቀት ይለሰልሳል፤ በሞቀ ውኃ ወይም በጋለ ቀጭን ሽቦ ቀስ እያሉ ይለያዩታል። ቸኩሎ የጎለጎለ ሰው ሙጫውን ሳይሆን መስታወቱን ይሰነጥቃል። ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሌላ ቀጠሮ አትያዙበት።

ቲዩቡ ደክሞ ከተገኘስ? ካቶዱን ለአጭር ጊዜ ከልክ በላይ አግሎ ገጹን የሚጠርግ መሣሪያ አለ። አንዳንዴ ዓመታት ይጨምራል። አንዳንዴ የቀረችውን ጉልበት ጠራርጎ ይጨርሳታል። እኔ የመጨረሻ አማራጭ አደርገዋለሁ። የተሻለው የማሞቂያውን ቮልት በጥቂቱ ከፍ የምታደርግ ትንሽ ትራንስፎርመር ናት፤ ምስሉ ፈካ ይላል፣ ባትወዱት ትነቅሏታላችሁ።

ማስተካከል

ሞኒተሩ በርቷል፣ አይጨስም። አሁን ግማሽ ሰዓት ተዉት ይሙቅ። በቀዝቃዛው ያስተካከላችሁት ሲሞቅ ይዛባል።

መጀመሪያ ማግኔቱ ይወገዳል። ወንፊቱ ብረት ነው፤ በአቅራቢያው ድምፅ ማጉያ ቆሞ ከነበረ ይመገነጣል፣ ጨረሮቹም መንገድ ይስታሉ። በተለዋጭ ከረንት የሚሠራ የሽቦ ቀለበት በስክሪኑ ፊት በክብ እየተዞረ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ሁለት ሜትር ያህል ከራቀ በኋላ ነው የሚጠፋው። ስክሪኑ ሥር ሳለ ያጠፋው ሰው ከቀድሞው የባሰ ዝንጉርጉር ይቀበላል። የመሬት ማግኔት ራሱ ጨረሩን ያጎብጠዋል። ለሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ ለደቡቡና ለምድር ወገብ አካባቢ በተለያየ ልክ የተስተካከሉ ቲዩቦች ይመረቱ ነበር። ከሌላ አህጉር በመጣ ዕቃ ላይ ማዕዘን አካባቢ እድፍ የሚመስል ቀለም ቢቀር ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ሞኒተሩን አቅጣጫውን አዙሩትና እዩት፣ እድፉ ይቀያየራል።

ቀጥሎ ማገጣጠሙ ነው። የመስመር መረብ ምስል ይወጣል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መረቦች አንዱ በአንዱ ላይ ተኝተው ነጭ መስመር መሆን አለባቸው። ሦስቱ ጨረሮች በሦስት ማዕዘን በቆሙባቸው አሮጌ ቲዩቦች ላይ ከ10 በላይ ማስተካከያ አለ። መሀሉን ስታስተካክሉ ዳሩ ይሄዳል፤ ዳሩን ስትመልሱ መሀሉ ይሸሻል። ምሽቱን ሙሉ ልጅ እንደማስተኛት ነው። ፍጹም አይሆንም፤ ከአንድ ሜትር ርቀት ካልታያችሁ ተዉት። ማዕዘኑን አሁንም እየጎረጎራችሁ ሌሊት ሰባት ሰዓት ከሆነ ተነሱና ተኙ።

በመጨረሻ ቀለሙ። ነጩ መጀመሪያ ይስተካከላል፤ የስቱዲዮው ልክ 6500 ኬልቪን የሚባለው፣ ወደ ቀትር ብርሃን የሚጠጋው ነጭ ነው። ጥቁሩ በአንድ ቁልፍ፣ ነጩ በሌላ ይያዛል፤ እየተመላለሱ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ነው። ከዚያ የታወቁት የቀለም ሰሌዳዎች ምስል ይወጣል፣ "ሰማያዊ ብቻ" የምትለዋ ቁልፍ ትጫናለች። ስክሪኑ በሙሉ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ያለባቸው ሰሌዳዎች፣ ነጭ፣ ውኃ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ሰማያዊ፣ እኩል ብሩህ እስኪሆኑ ድረስ የቀለም ብዛትና የቀለም ዓይነት ቁልፎች ይዞራሉ። እኩል ሲሆኑ የሌሎቹም ቀለም አብሮ ይገባል። ዓይን በቀለም ላይ ይታለላል፤ የአንድ ቀለም ብሩህነትን ማወዳደር ግን ይችላል። የስቱዲዮ ሰዎች ይህን ዘዴ ያገኙት ለዚህ ነው።

ሲበራ የሚሰማ ቀጭን ፉጨት አለ፤ ፓል በሚባለው የአውሮፓ የቴሌቪዥን ሥርዓት 15,625፣ በኤንቲኤስሲ 15,734 ኸርዝ። ከፍተኛውን ቮልት የሚያመነጨው ፍላይባክ ትራንስፎርመር ነው፣ ጤነኛ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው እንዲህ ያሉ ቀጫጭን ድምፆችን ነው። ልጆች ክፍሉ ሲገቡ ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ አያታቸው ደግሞ "የቱ ፉጨት?" ይላሉ። ድምፁ በድንገት ከተለወጠ ወይም መንተክተክና ጢቅ ጢቅ ማለት ከጀመረ ግን ወዲያው አጥፉት፤ ከፍተኛው ቮልት የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፣ ብዙ ጊዜ በደረቀ የላስቲክ ቆብ በኩል።

ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት የዋናውን ኃይል ቮልት ለክታችሁ ከነቀኑ በወረቀት ፕላስተር ጻፉና ከውስጥ በኩል ለጥፉት። በሚቀጥለው ዓመት ምስሉ ሲጠብ መጀመሪያ የምታመሳክሩት ያንን ቁጥር ነው።